ብርሃን ያንቀሳቀሰው ሁሉ ሞተር ነው?

ጥያቄ፦ አዞቤንዚን (በብርሃን ቅርጹን የሚቀይር ክፍል) ያለበትን ሞለኪውል ከአልፋ ሳይክሎዴክስትሪን (ሞለኪውሉ ላይ የሚጠልቅ ከስኳር የተሠራ ቀለበት) ጋር ውሃ ውስጥ ቀላቅዬ 365 ናኖሜትር ብርሃን አበራሁበት። ትራንሱ (ቀጥ ያለው ቅርጽ) ወደ ሲስ (የታጠፈው ቅርጽ) ሲቀየር ቀለበቱ መውጣት አለበት። በስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን ምጠትን በሚለካ መሣሪያ) ለውጡ ጥሩ ነው፤ በኤንኤምአር (የሞለኪውልን አሠራር በማግኔት በሚያሳይ መሣሪያ) ግን አብዛኛው ሳይቀየር እንዳለ ነው። ለምን? ደግሞስ ይህ ሞለኪውላዊ ሞተር ይባላል?

መልስ፦ ችግሩ ክምችቱ ነው። ለስፔክትሮፎቶሜትር 50 ማይክሮሞላር ገደማ ይበቃል፤ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የናሙና መያዣ) ምጠቱ 1 አካባቢ ይሆናል። ለኤንኤምአር 5 ሚሊሞላር ካዘጋጁ መቶ እጥፍ ነውና ብርሃኑ መስታወቱ ጥግ ባለው ስስ ንብርብር ተመጥጦ ያልቃል፤ መሃሉ ጨለማ ነው። ቱቦው ላይ ከማብራት ናሙናውን በጠፍጣፋ ዕቃ አሳስተው፣ እያማሰሉ ካበሩበት በኋላ ወደ ቱቦው ይገልብጡት።

መቶ በመቶ ሲስ ግን አይጠብቁ። ሲሱም 365 ናኖሜትርን በጥቂቱ ስለሚመጥ መልሶ ትራንስ ይሆናል፤ የመሄጃና የመመለሻው ፍጥነት ሲተካከል ለውጡ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሰዓት መጨመር ሞለኪውሉን ከማበላሸት በቀር ፋይዳ የለውም። ሲጨርሱ ናሙናውን በአልሙኒየም ፎይል ይሸፍኑት፤ የክፍሉ መብራት ሰማያዊ ጨረር ይመልሰዋል፣ ሙቀትም እንዲሁ። ተራ አዞቤንዚን ጨለማ ውስጥ ለቀናት ሲስ ሆኖ ይቆያል። በአንድ ጫፉ ኤሌክትሮን ሰጪ፣ በሌላው ሳቢ ቡድን ካለው ግን በሰከንዶች ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይመለሳልና ኤንኤምአር ላይ ሳይደርስ ያመልጥዎታል።

ሞተር ግን አይደለም፤ መቀያየሪያ ነው። ቀለበቱ በገባበት ጫፍ ተመልሶ ከወጣ የተሠራ ሥራ የለም። ብርሃን ጉልበት ይሰጣል እንጂ አቅጣጫ አይሰጥም፤ አቅጣጫው የሚመጣው ከሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። በ2016 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስቱ አንዱ ቤን ፌሪንጋ በ1999 ያሳወቀው ሞተር በ4 እርምጃ ይዞራል፦ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ብርሃን፣ ሙቀት። ብርሃኑ ያዞረዋል፤ የሙቀቱ እርምጃ የኋላ መንገዱን ይዘጋበታል። የመጀመሪያው የሙቀት እርምጃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል፣ ሁለተኛው 60 ዲግሪ ይፈልጋል። ያን ካላገኘ ዙሩ ሳይሞላ ይቆማል።

የእርስዎን ወደዚያ ለማቅረብ ሁለቱን ጫፎች ማለያየት ያስፈልጋል። ኬሚስቱ አልቤርቶ ክሬዲና ባልደረቦቹ በ2015 ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ቀለበታቸው ክራውን ኤተር (ኦክስጅን ያለበት ቀለበታዊ ሞለኪውል) ነበር። ቀለበቱ አዞቤንዚኑ ባለበት ጫፍ፣ ትራንስ ሳለ ይገባል፤ ብርሃኑ ያንን በር ሲያጠብና ቀለበቱን የያዘውን ትስስር ሲያላላ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ለዚህ ሁለተኛው ጫፍ ለማለፍ ከትራንሱ የከበደ፣ ከሲሱ የቀለለ መሆን አለበት። ከሲሱ ከከበደ ቀለበቱ በገባበት ይመለሳል፤ ከትራንሱ ከቀለለ ደግሞ ገና ከመነሻው በተሳሳተው በር ይገባል።