ከመርከቧ አትጀምሪ (ለኮምቦልቻዋ እህት)

አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ። የአያትሽ ወንድም ዓደን ወርዶ በእንግሊዝ መርከብ ሲሠራ በጦርነቱ ሰምጦ ቀረ፣ አሁን አንድ ሰው "ከምጽዋ ጣልያኖች ጭና ስትሄድ የሰመጠችው መርከብ ላይ ነው የነበረው" ብሎናል፣ እንዴት ላጣራ ያልሽውን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ቁርጥ የእኛ ቤት ታሪክ ነው። እኛ ደሴ አራዳ ነን። የአባቴ አጎት ሳልህ ጣልያን ደሴ በገባ በ1928 በባቲ አድርጎ አሰብ፣ ከአሰብ በጀልባ ዓደን ተሻገረ፣ ከዚያ በእንግሊዝ የንግድ መርከብ ተቀጥሮ ከታች ሞተር ክፍል ከሰል የሚጨምር ሠራተኛ ሆነ። ከዚያ ጠፋ። ያንቺውም እንደዚሁ ከታች የሚሠራ ነው የሚሆነው፣ ከዓደን የሚቀጠሩትን በብዛት እዚያ ነበር የሚያደርጓቸው፣ ቶርፒዶ ሲመታ ደግሞ መውጫ የሚያጣው ከታች ያለው ነው።

1. ከመርከቧ አትጀምሪ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ያ ሰውዬ የሚልሽ መርከብ ኖቫ ስኮሺያ ትባላለች፣ እኔ ሁለት ዓመት ከሷ ጋር ኖሬያለሁ። ከምጽዋ የጣልያን እስረኛና ሲቪል ጭና ወደ ደርባን ስትሄድ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 1935፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 28 ቀን 1942፣ ዩ-177 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ደቡብ አፍሪካ ናታል ዳርቻ ላይ መታት። 858 ሰው አለቀ፣ የተረፉትን ከ190 በላይ ሰዎች ከሎሬንሶ ማርከስ፣ ከአሁኗ ማፑቶ ማለት ነው፣ የመጣ የፖርቹጋል የጦር መርከብ አወጣቸው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። የእኛ ሰው ግን እዚያ አልነበረም። ለእኛ አገር የምትቀርብ ስመ ጥር መርከብ እሷ ስለሆነች ባሕር የቀረ ዘመድ ያለውን ሁሉ እሷ ላይ ነው እሚጭኑት።

እኔን የጫነኝ አዲስ አበባ ያለ "መረጃ አወጣለሁ" የሚል ደላላ ነው። 18 ሺህ ብር ተቀበለኝና አራት ገጽ ፕሪንት አድርጎ አመጣ፣ ስለ መርከቧ ሁሉ አለ፣ ስለ ሳልህ አንድ ቃል የለም፣ እኔ ደግሞ በደስታ አላስተዋልኩም። በግ አርደን ሰደቃ አወጣን፣ ኅዳር 19 ሲመጣ ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ አስደረግን፣ በዓመቱም ደገምነው። አክስቴ ከዘጠና በላይ ናት፣ የሳልህ እህት ናት፣ "ቀኑን እንኳ አወቅሁት አልሐምዱሊላህ" ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ቀኑ የሌላ ሰው ቀን ነበር። ይህን እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም።

2. ቀን ስትፈልጊ መጀመሪያ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቂ። እኛ ቤት "በ34 ሰመጠ" ነው የሚባለው። እኔ የጦርነት ሙታን የተመዘገቡበት ዌብሳይት (ከታች የምነግርሽ) ላይ 1934 ብዬ ገባሁ፣ በዚያ ዓመት በፈረንጅ ጦርነት እንኳ የለም፣ ምንም አልመጣልኝ ሲል ጊዜ መዝገብ የለም ብዬ ነው እደላላው እጅ የወደቅሁት። የእኛ 1934 ማለት ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ሴፕቴምበር 1942 ነው። ቤታችሁ በሂጅራ የሚቆጥር ሽማግሌ ከነበረ ደግሞ ሌላ ነው። የእኛው ነገር የተፈታው በሂጅራ ነው።

እንዴት መሰለሽ፣ አክስቴ አልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ነበራት፣ ክዳኑ ዝጎ በማንኪያ እጀታ ነው የተከፈተው። ከታች፣ ከሻሽ ስር፣ አንድ ፖስታ። ካርዲፍ ቡት ስትሪት የሚል አድራሻ አለበት፣ ውስጡ በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ የመርከበኞች ማረፊያ ቤት ያለው የየመን ሰው የጻፈው፣ "ልጃችሁ በሻዕባን 1361 መርከቡ ተመትቶ አላህ ወስዶታል" ይላል። አያቴ ተቀብሎ እናቱ እንዳትሰማ ደብቆት ነው፣ እናቲቱ እስክትሞት አሰብ የሚሄድ ነጋዴ ባገኘች ቁጥር ታስጠይቅ ነበር አሉ። ሻዕባን 1361 ማለት የገባው ኦገስት 1942 አጋማሽ ላይ ነው፣ በእኛ ነሐሴ 1934። ኖቫ ስኮሺያ ከመመታቷ ከሁለት ወር በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። በቃ።

ስለዚህ ሳጥን ክፈቱ። ወረቀት ከሌለ "ብሩ መቼ ቆመ?" ብለሽ ሽማግሌ ጠይቂ፣ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ እስከ ፈረንጁ ሜይ 1941 ድረስ መርከቧ ከሰመጠችበት ቀን ጀምሮ ደሞዝ ይቆም ነበር፣ ግፍ ነው ግን ላንቺ ቀን ይጠቁምሻል።

ከዚያ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ዌብሳይት ግቢ፣ ነፃ ነው፣ ለማንም ብር አትክፈዪ። "የንግድ መርከብ" የሚለውን ምረጪ፣ ቀኑን ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ገድቢ። ስሙን አትጻፊ! እኔ ሳልህ የሚለውን በስንት ስፔሊንግ ሞክሬ ነው ያጣሁት፣ ጸሐፊው ሳላ ብሎት፣ የአባቱን ስም ደግሞ ፊት አድርጎት። ቀኑን ገድበሽ ሥራው ፋየርማን ወይም ትሪመር ወይም ዶንኪማን የሚለውን አንድ በአንድ ውረጂ፣ ሁሉም ከታች የሚሠሩ ናቸው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚል አትጠብቂ፣ ሥራ ለማግኘት ብዙው የትውልድ ቦታዬ ዓደን ነው ይል ነበር። ዕድሜም አትመኚ፣ የእኛውን በዘጠኝ ዓመት አስረጅተውታል። አስከሬናቸው ያልተገኘው ለንደን ታወር ሂል መታሰቢያ ላይ ናቸው፣ ከሁለተኛው ጦርነት ብቻ ወደ 24 ሺህ ስም አለ፣ የተደረደረውም በመርከብ ስም ነው። በሕንድ ውል (ለሕንድ መርከበኞች በሚፈረመው የቅጥር ውል) የተሳፈረ ከሆነ በቦምቤይና በቺታጎንግ መታሰቢያ ስር ፈልጊ።

ስም ሲመሳሰል ግን አትመኚው፣ እንደኔ እንዳትታለዪ። ማረጋገጫው ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፣ ቢቲ 381 የሚባለው የሠራተኞች ዝርዝር፣ በመርከቧ ስም ሳይሆን በኦፊሻል ቁጥሯ፣ ስትመዘገብ በተሰጣት መለያ ቁጥር ነው የተቀመጠው፣ ቁጥሯን አስቀድመሽ ያዢ። ለንደን ያለ የአጎቴ ልጅ ሄዶ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በስሙ አንጻር የአድራሻው አምድ ላይ ቡት ስትሪት፣ የቤቱ ቁጥር ከፖስታው ጋር አንድ። ስልኬን በግራ፣ ፖስታውን በቀኝ ይዤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት። የመርከቧን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ጅማ ያሉት ዘመዶች ገና አልሰሙም።

3. እዚህ ቢሮ ላይ አትድከሚ። ደብዳቤውን አስተርጉሜ ማኅተም ላስመታ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሳታነበው "ከሞተ ሰማንያ ዓመት አልፎት ምን ያደርግልሃል?" አለችኝ ሰው ፊት። እናቱ ስትጠብቀው የሞተች ሰው ነው አልኳትና ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ማኅተም ማንም አልጠየቀኝም፣ ኪውም ቢሆን። ካሳ አለው የሚልሽ ካለ ደግሞ ስልኩን ዝጊበት።

አሁን ወዳጃውን ነሐሴ ላይ አድርገነዋል፣ አክስቴም አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ፖስታ ወይም ማንኛውም ወረቀት ካገኘሽ የፊቱንም የጀርባውንም በቀን ብርሃን አንሺና ላኪልኝ፣ ዐረብኛውን እኔ አነብልሻለሁ። መታሰቢያው ላይ ስሙ የተቀረጸበት ሰሌዳ ቁጥር (ፓነል ቁጥሩ) ላይ ከደረስሽ የአጎቴ ልጅ እሑድ እሑድ ሥራ የለውም፣ ታወር ሂል ሄዶ ስሙን ፎቶ ያነሳልሻል።