ገናን ሐዋሳ፣ ሁለታችን ብቻ

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን ጥያቄው የራሴ ነው።

34 ዓመቴ ነው። ከተጋባን አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ የቤቱ በኩር ስለሆነ በዓል በመጣ ቁጥር የምንውለው አማቴ ቤት ነው። ሁለት እህቶች አሉት፣ ግን የወጥ ቤቱ ኃላፊነት ከተጋባን ጀምሮ የእኔ ሆኗል። ዋዜማውን ሽንኩርት ስከትፍ አመሻለሁ። ከዚያ ዶሮው አለ፣ ዳቦው አለ። የገና ሌሊት ቅዳሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አምልጦኝ አያውቅም ነበር። ካገባሁ በኋላ ግን ድስት ጥዬ መሄድ ስለማልችል ቀረብኝ።

አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ሆዴን የሚያሸብረው ሌላ ነገር ነው። ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ ቤቱ በእንግዳ እንደተሞላ፣ አንዷ ዘመድ ወደ እኔ ዞር ትልና «ምነው ልጄ፣ ዘንድሮስ?» ትላለች። ሁሉም ዝም ብሎ ሆዴን ያየኛል። እኛ ልጅ በጣም እንፈልጋለን። ሐኪም ዘንድ እየተመላለስን ነው። ይህን ግን ቤተሰብ አያውቅም።

ዘንድሮ ባለቤቴ «ገናን ሐዋሳ ሄደን እንዋል፣ ሁለታችን ብቻ። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን እንረፍ» አለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። አማቴ «ልጄን ወሰደችብኝ» ቢሉስ? ዘመድ ምን ይላል? በበዓል ቀን ቤተሰብ ጥሎ ሆቴል መዋል ነውር አይሆንም?

ለማንም ያልነገርኩት ሌላም ፍርሃት አለኝ። እኔና እሱ ብቻችንን ተቀምጠን ካወራን ቆይቷል። ማታ ቤት ስንገባ እሱ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፣ እኔ ቲቪ እከፍታለሁ። ካወራንም ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ብር ነው። አራት ቀን ሙሉ ያለ ሥራ ተፋጠን ምን እናወራለን? ለእረፍት ብለን ሄደን ተኮራርፈን ብንመለስስ?

ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

የበኩር ልጅ ሚስት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ሂዱ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሌላ መልስ አልታየኝም።

ነውር ይሆን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይሆንም። በዓል ከቤተሰብ ጋር ነው የሚባለው ልክ ነው፣ ግን አንቺና ባለቤትሽም ልጅ ኖረ አልኖረ ቤተሰብ ናችሁ። ደግሞም የዶሮ ወጥን ድካም የሠራው ያውቀዋል። ሽንኩርቱ ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቶ፣ በሎሚና በጨው እያሹ፣ ውኃው እስኪጠራ ማጠብ አለ። ቁሌቱ እንዳያር ከምድጃው ሳይለዩ ማማሰል አለ። ይህን ሁሉ የምትሠራው ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምራ የፆመች ሴት ናት። ንጋት ላይ ሰው ሁሉ ፆም ሲፈታ እሷ ማዕዱ ጥግ ላይ እንቅልፍ ያዳፋታል። በዚህ ዓይነት ድካም አንድ ዓመት እረፍት መፈለግሽ ማንንም አይበድልም።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ። ይህን ነገር የሚነግራቸው ባለቤትሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። በስልክም አይሆንም። ቤታቸው ሄዶ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ገና ጊዜ ሳለ ይንገራቸው። ዋዜማው ላይ የሚሰማ ወሬ ነው የሚያስቀይመው። ሐሳቡ የራሱ መሆኑንም ይናገር፣ እውነትም የራሱ ነውና። «እማዬ፣ ዘንድሮ ደክሞናል። ገናን ሐዋሳ ውለን ትንሽ እንረፍ። ለጥምቀት ካንቺ ጋር ነን» ካለ ይበቃል። የሥራ ጉዳይ ገጥሞን ነው የሚል ውሸት ግን እንዳታስገቡበት። የገና ዕለት ሥራ አለብኝ ቢላት የትኛዋ እናት ታምናለች? ውሸቱ ሲወጣ ደግሞ ጥፋቱ የሚላከከው አንቺ ላይ ነው።

የጥምቀቱን ቃል የባዶ ተስፋ አታድርጉት። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ከከተራው ጀምሮ እሳቸው ጋር ሁኑ፣ ታቦቱን አብራችሁ ሸኙ። ለገናም ባዶ እጃችሁን አትለፉ። የምትሰጡትን ብር ቀድማችሁ ስጡ። በግ የምትገዙ ከሆነም ገዝታችሁ አድርሱ። አንድ ነገር ግን አደራሽን፦ ቁሌቱን ቀድመሽ ሠርተሽ፣ ፍሪጅ ውስጥ ደርድረሽ እንዳትሄጂ። እንደማውቃችሁ ይህን ሳታስቡ አትቀሩም። ያ እኮ ሥራውን ማሸጋገር እንጂ ማረፍ አይደለም። የባለቤትሽ እህቶች አሉ፣ ዘንድሮ እነሱ ይሥሩት። ወጡ ትንሽ ቢቀጥን ማንም አይሞትም።

አማትሽ ሊያኮርፉ ይችላሉ። እናት ናቸው፣ ይከፋቸዋል። የገና ጠዋት ደውላችሁ እንኳን አደረስዎ በሏቸው፣ መጀመሪያም አንቺ ተናገሪ። ከዚያ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ልጁ ጥያቄ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ሰው በሞላበት ቤት ሴትን «ምነው ዘንድሮስ?» ማለት ያቆስላል፣ ተናጋሪዋ ከልቧ ብትወድሽም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሐኪም ዘንድ የምትመላለሱት ሁለታችሁ ሆናችሁ ሳለ ጥያቄው ወደ አንቺ ብቻ መምጣቱ ነው። ባለቤትሽ ይህን ማየት አለበት። ለጥምቀት ስትሰበሰቡ ጥያቄው ከተነሳ መልሱን እሱ ቀድሞ ይመልስ። «እግዜር ሲፈቅድ እኛው እንነግራችኋለን፣ እስከዚያ አትጠይቁን» ይበል። ከበኩር ልጅ አፍ ሲወጣ ይሰማል። ይህን ከጉዞው በፊት ጠይቂው። ለምን እንደሚያስፈራሽም ንገሪው፤ ምናልባት ቡናው ሲፈላ እሱ ውጭ ከወንዶቹ ጋር ስለሚሆን አይቶት አያውቅ ይሆናል።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የያዘው ግን የመጨረሻው ነው። ምን እናወራለን ብለሽ ፈርተሻል። እኔ ዝምታችሁ ፍቅር ማለቁን የሚናገር አይመስለኝም። ሕክምናው ወሬያችሁን ሁሉ ወስዶባችኋል። ቀጠሮና መድኃኒት ያለበት ቤት ውስጥ ሌላው ወሬ ቀላል ስለሚመስል ሰው ይተወዋል። እሱም ይህን ሳያውቅ «ሁለታችን ብቻ» ያለ አልመሰለኝም። ናፍቀሽው ነው።

ስለዚህ ጉዞውን የትዳራችሁ መፈተኛ አታድርጉት። «ሐዋሳ ሄደን ሁሉንም ነገር እንነጋገራለን» ብላችሁ አጀንዳ ይዛችሁ አትሂዱ። የልጁ ጉዳይ ከመጣ ይምጣ፣ ካልመጣ አትጎትቱት። የሥራ ስልክ አይነሳ። ዝም ማለት ካሰኛችሁም ዝም በሉ።

ሐዋሳ ለዚህ ትመቻለች። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ በእግር መሄድ አያደክምም፣ ሲያሰኛችሁ ብስክሌት ተከራይታችሁ መዞር ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ስለሆነች በታኅሣሥ ብርድ ጋቢ ተከናንበሽ ከምታድሪበት ቤት ወጥተሽ እዚያ ስትደርሺ ሰውነትሽ ይፍታታል። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ረጋ ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ሐይቅ ዳር ስትቀመጡ ፊት ለፊት አትቀመጡ። ጎን ለጎን ሆናችሁ ውኃውን እዩ። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የማይወጣ ወሬ እንዲህ ሲቀመጡ ይወጣል።

አንዱን ጠዋት ተነስታችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት ጥለውት ያደሩትን መረብ አውጥተው በጀልባ ይመለሳሉ። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ መሬት ላይ አጋድመው በቢላ ሲገፉት የእጃቸው ፍጥነት ያስደንቃል፤ ቅርፊቱ እንደ ብር ፍራንክ ይበተናል። ከጀርባቸው አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ቆሟል። ቁመቱ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ መላጣ ራሱን ደፍቶ ተራውን የሚጠብቅ ይመስላል። አንጀቱ ሲወረወር ክንፉን ከፍቶ ይሻማል፣ ሰውም አይፈራም። በላይ ዛፉ ላይ ጦጣና ጉሬዛ አለ፤ እጅሽ ላይ ሙዝ ካለ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። እዚያ ቆማችሁ ወሬ አታጡም። ቆሮሶው ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ጥርት ብሎ ተጠብሶ ሲቀርብ በእጃችሁ ከዳጣ ጋር ብሉት። ዳጣው ያቃጥላል፣ እንዳትደፍሪው።

አመሻሽ ላይ «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ያለውን መንገድ ይዛችሁ ተንሸራሸሩ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው። ጉልበት ካላችሁ ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ከተማውንም ሐይቁንም ቁልቁል ማየት ትችላላችሁ። ካልቻላችሁ ይቅር። አንዱን ቀን ከአልጋ ሳትነሱ ብታረፍዱበትም የተበላሸ ቀን አይደለም።

ቅዳሴውን ደግሞ ዘንድሮ አግኚው። ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሃል ከተማ ነው፣ ከዚያ ተነስቶ ሰፊው ጎዳና ቀጥ ብሎ ሐይቁ ድረስ ይወርዳል። ታኅሣሥ 19 ለንግሡ ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፍበታል፤ እናንተ ስትደርሱ ያ ግርግር አልፏል። ነጠላሽን ያዢ፣ ሌሊቱን እዚያ እደሪ። ሲነጋ ሌላ ሰው የሠራው ዶሮ ወጥ ይቅረብልሽ። ስንት ዓመት ለሰው ስታቀርቢ ኖረሻል።

ለመንገዱ፦ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገዱን ያዙ፣ ከዚያ ወዲያ ጋሪውም ከብቱም መንገድ ላይ ነው። በጠዋት ተነሱ፣ ማታ አትንዱ፣ የመንገዱን ሁኔታም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። መንዳት ካልፈለጋችሁ አውሮፕላን አለ። ሐይቁ ውስጥ ለመዋኘት እንዳታስቡ፤ ጉማሬ አለበት፣ ቢልሃርዚያም ያሰጋል። ጉማሬዎቹን በጀልባ ሄዳችሁ ከሩቅ ማየት ይቻላል። ዋና ካማራችሁ ስትመለሱ ላንጋኖ ጎራ በሉ። ውኃው ቡናማ ነው፣ ግን ሰው የሚዋኝበት ነው፣ አሸዋው ላይም መጋደም ይቻላል።

ክፍሉን ዛሬ ነገ ሳትሉ ያዙ፣ በበዓል ሐዋሳ ቶሎ ትሞላለች። ሐይቁ ዳር ያሉት ሪዞርቶች ከከበዷችሁ ከተማ ውስጥ ንጹሕ ፔንሲዮን ፈልጉ፣ በባጃጅ ሐይቁ ጋ መድረስ ቀላል ነው። የሐኪም ቀጠሯችሁንም ከእነዚያ ቀናት ጋር እንዳይጋጭ አሁኑኑ አይተሽ አስተካክዪው። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለአራቱም ቀን የሚበቃሽን ይዘሽ ሂጂ።

ለሁለታችሁም መልካም ገና።