ኧርዙ በበጋ ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ወፍጮ ቤት አለኝ። ኧርዙን (የሚያፈስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን የብረት ዘንግ፣ ማለት ሮድ፣ እና ሽቦውን) በነሐሴ ነበር ያስቀበርኩት። ያኔ ባለሙያው ለክቶ 9 ኦም ነው አለኝ። አሁን በጥር ሞተሩን ስነካው ይነዝረኛል። ሌላ ባለሙያ አምጥቼ ሲለካው 50 ኦም ሆነ። ሮዱ አልተነቀለም፣ ሽቦውም አልተቆረጠም። አንደኛው ዋሽቶኝ ይሆን?
የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዋናውን ብሬከር ያጥፉና ወፍጮውን ያቁሙ። ሞተር የሚነዝረው ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ሲያፈስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ ነው። እሱ ሳይጠገን ማንም እንዳይነካው፤ እህል ይዘው የሚመጡ ልጆችም አሉ።

ወደ ኧርዙ ልምጣ። ማንም አልዋሸዎትም። የተለወጠው አፈሩ ነው። ኦም አፈሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቃወም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኧርዙ ደክሟል ማለት ነው።

ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። የሚያስተላልፈው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ነው፤ እሱም በውስጡ በሟሟው ጨውና ማዕድን የተነሳ። የዝናብ ውሃ ብቻውን ደካማ አስተላላፊ ነው፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ማዕድኑን ሲያሟሟ ነው የሚበረታው። በክረምት ውሃው ከቅንጣት ቅንጣት ተያይዞ መንገድ ይሠራል። ከኅዳር ጀምሮ ላይኛው አፈር ሲደርቅ መንገዱ ይበጣጠሳል። እርጥበቱ ከአፈሩ ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ ተቃውሞው በጥቂቱ ሳይሆን በእጥፍ ድርብ ይወጣል። የእኛ ቀይ ሸክላ አፈር ውሃ በመያዝ ጎበዝ ነው፤ ሲደርቅ ግን ተኮማትሮ ከሮዱ ሊላቀቅ ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ ከአንዱ ፌዝ ወደ መሬት 220 ቮልት አለ። ለ50 ኦም ሲካፈል 4.4 አምፔር ይሆናል። የወፍጮ ብሬከር በዚህ ፈጽሞ አይወርድም። ሞተሩ እንደነዘረ ይቆያል። በ9 ኦም እንኳ 24 አምፔር ገደማ ነው፤ 32 አምፔር ብሬከር አያወርድም። ስለዚህ የነሐሴው ቁጥርም ቢሆን ብቻውን አያድንዎትም ነበር።

ብዙዎች ጉድጓዱ ውስጥ ጨውና ከሰል ያስጨምራሉ። እዚህ ጅማ አልመክርም። ዝናባችን ብዙ ነው፣ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል፤ እስከዚያው ሮዱን ያዝገዋል። ውሃ ማፍሰስም ለቀናት ብቻ ነው። የሚበጀው ወደ ታች መውረድ ነው። ጥልቁ አፈር በጥርም እርጥብ ነው። አጭር ሮድ ከሆነ በላዩ ሌላ ቀጥለው 3 ሜትር ያድርሱት። ድንጋይ ካስቸገረ ሁለተኛ ሮድ ይቅበሩ፤ ግን ቢያንስ የሮዱን ርዝመት ያህል ይራራቁ፣ ካልሆነ አንዱ የሌላውን አፈር ይሻማል። ቦዬ ረግረግ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል፤ ጅሬን አቀበት ላይ ያለ ግን በደንብ ያስብበት።

ሲጨርሱ በዚሁ በደረቅ ወቅት ያስለኩት። ወረቀቱ ላይ ወሩን ያስጽፉ፤ የነሐሴ ልኬት ለጥር አይሠራም።

ከዚያ ለሦስት ፌዝ የሚሆን 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ የሚባል የፍሳሽ መቁረጫ ያስገጥሙ። እሱ ትንሿን ፍሳሽ ቆጥሮ ይቆርጣል፤ አፈሩ ሲደርቅም ብሬከር የማያየውን ያያል። ላዩ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ እየተጫኑ መውረዱን ያረጋግጡ።