መነጽር ያጥወለውላል ወይ?

ጥያቄ፦ በመዝናኛ ማዕከል ውስጥ የቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ) የሚያጠልቁ ደንበኞችን አስተናግዳለሁ። አንዳንዶቹን ጨዋታው ሳያልቅ ያጥወለውላቸዋል። ለማስጠንቀቂያ «የእንቅስቃሴ ሕመም ሊያጋጥምዎት ይችላል» ብዬ ብለጥፍ ባልደረባዬ ሳቀችብኝ። እርሷ የጻፈችው «መነጽሩ ሊያጥወለውልዎት ይችላል» የሚል ነው። እኔ ደግሞ «አጥወለወለኝ» እንደ «ራበኝ» ያለ ግስ ስለሆነ መነጽሩ ባለቤት ሊሆነው አይችልም ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው።

«የእንቅስቃሴ ሕመም» ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሰው ነው። ለሕክምና መጽሐፍ ርእስ ይሁን፣ ግዴለም፤ ሊጫወት ለመጣ ወጣት ግን ምንም አይነግረውም። አማርኛ እንዲህ ያለውን ስሜት በስም ሳይሆን በግስ መናገር ይቀናዋል። ስሜቱ የደረሰበት ሰውም ተሳቢ ሆኖ ከግሱ መጨረሻ ይገባል፦ አጥወለወለኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ወደ ላይ ወደ ላይ አለኝ። እስከዚህ ድረስ «ራበኝ»ን ስለሚመስሉ ቢሳሳቱ አልፈርድብዎትም።

ልዩነቱ ያለው በግሱ መነሻ ላይ ነው። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ» የአድራጊነት «አ» የላቸውም። ስለዚህ «ዳገቱ ደከመኝ» አይባልም፤ ዳገቱን ባለቤት ለማድረግ የግድ «አደከመኝ» ማለት ያስፈልጋል። «አጥወለወለ»፣ «አቅለሸለሸ» እና «አዞረ» ግን ያቺን «አ» ቀድሞውኑ ይዘዋታል፤ «አስመለሰ»ም «አስ»ን ይዟል። አድራጊው ካልታወቀ ግሱ ብቻውን ይቆማል፤ ከታወቀ ደግሞ ያለ ችግር ይቀበለዋል። ከጎሐጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ የተሻገረ፣ ሎሚ እያሸተተ ፌስታል በእጁ የያዘ መንገደኛ «ጠመዝማዛው አጥወለወለኝ» ቢል ማንም አያርመውም። በጾታም መፈተን ይቻላል፦ «ጀልባዋ አዞረችኝ» ይባላል፤ «ራበችኝ» የሚል ግን አልሰማሁም።

ሳይንሱ ከተነሣ ጥፋቱ የመነጽሩ ብቻ አይደለም። ዓይን በመነጽሩ ውስጥ ሩጫ ያያል፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ግን ሰውነቱ ባለበት እንደቆመ ለአንጎል ይነግራል። አውቶቡስ ውስጥ መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ይገለበጣል፦ ጆሮው ጉዞውን ያውቃል፣ ዓይኑ ግን ከማይንቀሳቀስ ገጽ ላይ ተተክሏል። የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ናሳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀመሩት ጥናት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሚማሩበት ከአሜሪካው ጋላውዴት ኮሌጅ የተመለመሉ 11 መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ከአንዱ በቀር ሁሉም የመስማት ችሎታቸውን ያጡት በማጅራት ገትር ሲሆን፣ ሚዛን ጠባቂው የጆሮ ክፍልም አብሮ ተጎድቶባቸዋል። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አካባቢ ማዕበል በሚንጠው መርከብ ላይ እነርሱ ተረጋግተው ካርታ ሲጫወቱ አጥኚዎቹን አጥወለወላቸውና ሙከራው ተቋረጠ። ያም ሆኖ ተናጋሪ የሚወቅሰው የሚያየውን ነው፤ «ጆሮዬ አጥወለወለኝ» ያለ ሰው አላውቅም።

እግረ መንገዴን፣ «ራሴን አዞረኝ»ን ከ«ዞረብኝ» ጋር እንዳያደባልቁ። የመጀመሪያው የራስ ማዞር ነው፤ የአካል ክፍሉ «ን» ይዞ፣ የአካሉ ባለቤት ደግሞ በ«ኝ» ተጠቅሶ፣ ልክ እንደ «ራሴን አመመኝ»። ሁለተኛው የአቅጣጫ ነው። መነጽሩን ያወለቀ ሰው የገባበት በር በየት በኩል እንደነበር ቢጠፋው «ዞረብኝ» ይላል፤ ሆዱ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል። ስለ ደንበኛዎ ሲናገሩ ግን ይጠንቀቁ፦ «ዞሮበታል» ካሉ ሰውየው አብዷል ያሉ ይመስላል።

ማስታወቂያውን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ይህ መነጽር ሊያጥወለውልዎት፣ ራስዎንም ሊያዞርዎት ይችላል። ስሜቱ እንደጀመረዎት ያውልቁት። አቅጣጫ ከዞረብዎት እስኪረጋጉ ድረስ ይቀመጡ።» «ሊያጥወለውልዎ» ብለው ያለ «ት» ቢጽፉትም አያጣላንም። በጤና ጣቢያ ወረቀት ላይ የተለመደውን «ማቅለሽለሽ»ን የተውኩት ለእኔ ጆሮ ሆድ ላይ ብቻ ስለሚቆም ነው፤ «ማጥወልወል» ውስጥ ድካሙም፣ ቀዝቃዛው ላብም፣ የጉልበቱ መክዳትም አለበት።