ስለ ማይክ ሊችና ስለ ማጥቃት አሰልጣኝነት፦ ጥያቄና መልስ

«የኮሌጅ ፉትቦል የማጥቃት አሰልጣኝ ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ሰውስ እንዴት ነው እዚያ የሚደርሰው?» የሚሉ ጥያቄዎች ስለበዙብኝ፣ አንድ ሰው ይዘን ብንነጋገር ይሻላል ብዬ የቴክሳስ ቴክ፣ የዋሽንግተን ስቴትና የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ዋና አሰልጣኝ የነበረውን ማይክ ሊችን መርጫለሁ። ዳላስ የሚኖር ሰው ቅዳሜውን ከዚህ ጨዋታ ማምለጥ አይችልም፤ እኔም ከለመድኩት ቆየሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው፤ ኳስ ስልም የአሜሪካውን ነው። በሉ ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ፕሪሚየር ሊግን ነው። ለአንድ ቡድን አንድ አሰልጣኝ አይበቃም? የማጥቃት አሰልጣኝ ለብቻው ለምን ያስፈልጋል?

ወንድሜ፣ እዚህ የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ሰዎች ለየብቻ ናቸው። ኳሱ የእኛ ሲሆን 11 አጥቂዎች ይገባሉ፤ ኳሱን ስናጣ እነሱ ወጥተው 11 ተከላካዮች ይተካሉ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ጨዋታው ስለሚቆም፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ የሚወስን ሰው የግድ ነው። ያ ሰው የማጥቃት አስተባባሪው ነው። በአንድ ጨዋታ ሰባ ጊዜ ያህል ይወስናል፤ ለእያንዳንዱም ውሳኔ ያለው ጊዜ ከ40 ሰከንድ ያነሰ ነው። አንዳንድ ዋና አሰልጣኞች ይህን ሥራ ደርበው ይይዙታል። ሊችም ዋና አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ ጥሪውን፣ ማለትም ቀጥሎ የሚሠራውን የመወሰኑን ሥራ፣ ለሌላ ሰው አልለቀቀም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ራሱ ተጫውቶ ያውቃል? ሕግ ተምሯል የሚባለውስ?

እውነት ነው። በ1986 ከፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቋል። ኮሌጅ ውስጥ ግን ፉትቦል አልተጫወተም። ዩታ በሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ራግቢ ይጫወት ነበር፤ ፉትቦሉን ከመቀመጫው ሆኖ ያይ ነበር። ያየውም ተራ ነገር አይደለም። የዚያን ጊዜው አሰልጣኝ ላቬል ኤድዋርድስ፣ ሌላው ሁሉ ኳስ ይዞ በሚሮጥበት ዘመን ኳስ የሚያስወረውር ሰው ነበር።

ጥብቅናውን ትቶ በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካል ፖሊ ምክትል ሆኖ ተቀጠረ። በ1988 በረሃ ላይ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ፤ በ1989 ደግሞ ፊንላንድ ሄዶ ፖሪ በምትባል ከተማ አንድ ቡድን አሠለጠነ። የሕግ ዲግሪ ያለው፣ ባለ ትዳር ሰው! አበሻ ወላጅ ቢኖረው ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

ከፍራንክፈርት፦ ኤር ሬይድ የሚሉት አጨዋወት የእሱ ፈጠራ ነው?

ብቻውን የፈጠረው አይደለም። የአጨዋወቱ አባት ሃል ማሚ የሚባል አሰልጣኝ ነው። በ1989 ማሚ አዮዋ ዌስሊያን በምትባል ትንሽ ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም ሊችን ቀጠረው። ቡድኑ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አሥር ጨዋታ ተጫውቶ አሥሩንም የተሸነፈ ነው፤ ሁለቱ በገቡ ዓመት 7 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። ከኤድዋርድስ የማጥቃት መጽሐፍ የማያስፈልገውን ቆርጠው ጣሉ፣ የቀረውን አፈጠኑት። ከዚያ አብረው ወደ ቫልዶስታ ስቴት፣ በ1997 ደግሞ ወደ ኬንታኪ ሄዱ። የኬንታኪው ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ቲም ካውች በ1999 በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል ምልመላ የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ። አዮዋ ዌስሊያን ግን በ2023 ተዘግታለች።

ከዴንቨር፦ አጨዋወቱን እስኪ ለማያውቅ ሰው አስረዳን። ምኑ ነው ልዩ የሚያደርገው?

ይህን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ የሰውየው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

«ሜሽ» የሚሉትን አንዱን እንይ። ሁለት ሪሲቨሮች (ኳስ ተቀባዮች)፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ፣ ከመነሻው መስመር አምስት ስድስት ያርድ ብቻ ገባ ብለው ወደ መሐል ይሮጣሉ። ሲተላለፉ እጃቸው ሊነካካ እስኪደርስ ድረስ ይጠጋጋሉ። ተከላካዮቹ ሰው በሰው ተይዘው የሚከተሏቸው ከሆነ እዚያ ጥበት ላይ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አንዱ ሪሲቨር ነጻ ይወጣል። ተከላካዮቹ ሰው ሳይከተሉ ቦታ ከጠበቁ ደግሞ ሪሲቨሩ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ይቆማል፣ ኳርተርባኩም ይሰጠዋል። ስለዚህ ተከላካዩ የቱንም ቢመርጥ መልሱ በዚያው ጥሪ ውስጥ አለ። ሌላው አሰልጣኝ ለሁለቱ ሁኔታ ሁለት ጥሪ ያዘጋጃል።

ኳርተርባኩን የሚጠብቁት አምስቱ ግዙፎችም ትከሻ ለትከሻ አይቆሙም፤ በመካከላቸው ሦስት ጫማና ከዚያም በላይ ክፍተት ይተዋሉ። ለተመልካች ሞኝነት ይመስላል። ነገር ግን ኳርተርባኩን ሊጥል በዳር በኩል የሚመጣው ተከላካይ መነሻው ከኳርተርባኩ እየራቀ ይሄዳል፤ ያቺ የግማሽ ሰከንድ ትርፍ ለወርዋሪ ብዙ ናት።

ሌሎች አሰልጣኞች ሜዳ ዳር የምግብ ቤት ሜኑ የሚያህል በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ይዘው ታያላችሁ። ሊች የሚይዘው ኪስ የምትገባ እጥፍ ወረቀት ነበር። ጥሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በየቀኑ ያንኑ ይደጋግሟቸዋል። ኳርተርባኩ የመጣለት ጥሪ ካልመሰለው እዚያው መስመር ላይ ቆሞ የመለወጥ መብት አለው። ብዙ አሰልጣኞች ይህን መብት ለ20 ዓመት ልጅ አይሰጡም።

«ሩጫና ውርወራ እኩል መሆን አለባቸው» ሲሉትም አይቀበልም ነበር። ለእሱ ሚዛን ማለት ኳስ መያዝ የሚችሉት ሁሉ ኳሱን ማግኘታቸው ነው፤ በምን መንገድ አገኙት የሚለው ግድ አይሰጠውም። በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

ከሂውስተን፦ የውሸት ወረቀት ጥሎ ቴክሳስን አታለለ የሚባለው ተረት ነው ወይስ እውነት?

እውነት ነው፤ የሆነውም እዚሁ ዳላስ ነው። ሊች በ1999 ለአንድ ዓመት የኦክላሆማ የማጥቃት አስተባባሪ ነበር። በጥቅምት ወር ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከመጋጠማቸው በፊት የመክፈቻ ጥሪዎቹን ዝርዝር የሚመስል ወረቀት አዘጋጅቶ፣ ቡድኖቹ ሲያሟሙቁ ሜዳው ላይ ወድቆ እንዲገኝ አደረገ። የቴክሳስ ሰዎች አነሱት፤ ለመከላከል አሰልጣኛቸውም ደረሰ። ጨዋታው ሲጀመር የተጻፈውን ሲጠብቁ ሌላ መጣባቸው። ኦክላሆማ 17 ለ 0 መራ!

መጨረሻውን ብዙ ሰው አይተርከውም፤ ቴክሳስ 38 ለ 28 አሸነፈ። ወረቀቱ አለቀ፣ ጨዋታው አላለቀም። ያም ሆኖ ሊች ያመጣው ኳርተርባክ ጆሽ ሂውፐል በቀጣዩ ዓመት ኦክላሆማን የአገር ሻምፒዮን አድርጓል። ሊች ግን ያኔ ቴክሳስ ቴክ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄዷል።

ከዳላስ፦ በ2008 ቴክሳስን ያሸነፈበት ቀን የትልቅነቱ ጫፍ ነው ማለት ይቻላል?

ለእኔ አዎ። ኅዳር 1 ቀን፣ በቴክሳስ ቴክ ከተማ ላበክ ውስጥ፣ ቴክሳስ በአገሪቱ አንደኛ ሆኖ ነው የመጣው። አንድ ደቂቃ ተኩል ሲቀር ቴክሳስ 33 ለ 32 መራ። የሊች ኳርተርባክ ግራሃም ሃረል አንድ ኳስ ወርውሮ በተከላካይ እጅ ውስጥ ገብታ አመለጠች፤ እዚያ ብትያዝ ታሪኩ አይኖርም ነበር። ስምንት ሰከንድ ሲቀር በቀኝ ዳር ለሪሲቨሩ ለማይክል ክራብትሪ ወረወረ። ክራብትሪ ከመስመሩ ጫፍ ሳይወጣ ተከላካዩን አስለቅቆ ገባ፤ ሰዓቱ ላይ የቀረው አንድ ሰከንድ ነበር። 39 ለ 33። በዚያው ወር ኦክላሆማ ሄደው 65 ለ 21 ተቀጥቅጠዋል፤ ይህም የሊች ነገር ነው።

ከአትላንታ፦ ይህን ያህል ከተባለለት ለምን አንድም ዋንጫ አላነሳም?

ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ቦታው ነው። ላበክ (ቴክሳስ ቴክ)፣ ፑልማን (ዋሽንግተን ስቴት)፣ ስታርክቪል (ሚሲሲፒ ስቴት)፤ ሦስቱም ከትልቅ ከተማ የራቁ፣ ምርጥ ተጫዋች በመጀመሪያ የማይመርጣቸው ናቸው። እንዲያውም አጨዋወቱ የተፈለገው ደካማው ከኃያሉ ጋር እኩል እንዲቆም ነው።

ሁለተኛው መከላከሉ ነው። በ2014 ዋሽንግተን ስቴትን ሲያሠለጥን የእሱ ኳርተርባክ ኮነር ሃሊዴይ በአንድ ጨዋታ 734 ያርድ ወረወረ፤ ቡድኑ 60 ለ 59 ተሸነፈ። በ2016 በሊች ተማሪ በክሊፍ ኪንግስበሪ ሥር ይጫወት የነበረው ፓትሪክ ማሆምስ እዚያው 734 ላይ ደረሰ፤ እሱም 66 ለ 59 ተሸነፈ። አጥቂው ቶሎ አግብቶ ወይም ቶሎ አምክኖ ሲወጣ የራሱ ተከላካይ ሳያርፍ ተመልሶ ይገባል። ለሊች ያለኝ አድናቆት ይህን አያስክደኝም።

ከሳን አንቶኒዮ፦ ከቴክሳስ ቴክ ለምን ተባረረ?

በታኅሣሥ 2009 ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት የደረሰበትን ተጫዋች በልምምድ ሰዓት ጨለማ ቦታ እንዲቆም አድርጓል የሚል አቤቱታ ቀረበበት። እሱ ጥፋት አልሠራሁም ብሎ ተከራከረ፣ ከሰሰም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን የመንግሥት ተቋም በመሆኑ የሕግ ከለላ ነበረው። እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ የአሰልጣኝነት ሥራ አላገኘም። በአሥር ዓመት 84 አሸንፎ 43 የተሸነፈ አሰልጣኝ ነው እንግዲህ።

ከሲያትል፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ነው የሚማረው፤ ሊችን ሲያነሱበት ይስቃል። ለምን ይሆን?

ይሳቅ፣ መብቱ ነው! ሊች ዋሽንግተን ስቴት በነበረበት ስምንት ዓመት ከእነሱ ጋር ተጋጥሞ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2012 ነው። ግን በ2018 ቡድኑ 11 ጨዋታ እንዳሸነፈ ንገረው፤ በትምህርት ቤቱ ታሪክ ከዚያ በላይ የለም። ኳርተርባኩ ጋርድነር ሚንሹ አላባማ ሄዶ ተጠባባቂ ሊሆን ሲል ነው ሊች ደውሎ ያስመጣው።

ከጋርላንድ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ ፉትቦል አሰልጣኝ እሆናለሁ ይለኛል። እኔ ነርሲንግ እንዲማር ነበር የምፈልገው። ምን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ መጀመሪያ መንገዱን ላሳይሽ። ተማሪ ሳለ ረዳት ይሆናል፤ ሲመረቅ ማስተርሱን እየተማረ በትንሽ ክፍያ ያገለግላል፤ ከዚያ የሪሲቨሮች ወይም የኳርተርባኮች አሰልጣኝ፣ ከዚያ አስተባባሪ። ሊንከን ራይሊ ቴክሳስ ቴክ ላይ ያለ ስኮላርሺፕ የገባ ኳርተርባክ ነበር። ሊች እንደማይጫወት አይቶ ረዳት አደረገው። በ26 ዓመቱ ኢስት ካሮላይና የማጥቃት አስተባባሪ፣ በ33 ዓመቱ ኦክላሆማ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ሁሉም ግን ራይሊ አይሆንም።

ከባዱ ነገር ዋና አሰልጣኝ ሲባረር ምክትሎቹም አብረው መሄዳቸው ነው። ሚስትና ልጆች በየሁለት ሦስት ዓመቱ ዕቃ ይሸክፋሉ። በጨዋታ ወቅት እሑድ የሚባል ዕረፍት የለም። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ላይ አስተባባሪው በዓመት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል፤ እዚያ እስኪደረስ ግን ረጅም ጊዜ በጠባብ ኪስ ነው።

እኔ ብሆን አልከለክለውም። የማስተማር ፈቃድ የሚያስገኝ ዲግሪ ይያዝ፤ ቴክሳስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኞች አብዛኞቹ መምህራን ናቸው፣ ደሞዙና ጥቅማ ጥቅሙ የቤተሰብ ነው። አሁኑኑ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የጨዋታ ቪዲዮ የሚቆርጥ ልጅ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቅ። ያ አሰልቺ ሥራ ከሆነበት ነርሲንጉን ራሱ ይመርጣል።

ከሚኒያፖሊስ፦ የታዋቂዎች አዳራሽ ውስጥ ለምን አልገባም?

ደንቡ ከጨዋታው 60 በመቶ ማሸነፍን ይጠይቅ ነበር። የሊች 158 ለ 107፣ ማለትም 59.6 በመቶ ነው። በ2025 ደንቡ ወደ 59.5 ዝቅ እንዲል ተወስኗል፤ ከ2027 ምርጫ ጀምሮ ይሠራል። ለማን ተብሎ እንደተቀነሰ ልብ ያለው ያውቃል።

ከቶሮንቶ፦ እንዴት ነው የሞተው?

የልብ ሕመም ነበረበት፤ ሚሲሲፒ ስቴትን እያሠለጠነ ሳለ ታኅሣሥ 12 ቀን 2022 በ61 ዓመቱ አረፈ። እዚያ በጀመረባት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በ2020፣ የአገሪቱን ሻምፒዮን ኤልኤስዩን (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) 44 ለ 34 አሸንፎ ኳርተርባኩ 623 ያርድ ወርውሯል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ አሁን ማየት ብጀምር የእሱን አጨዋወት የት አገኘዋለሁ?

የዋሽንግተኑ የኤንኤፍኤል ቡድን የኮማንደርስ ደጋፊ ከሆንክ አይተኸዋል፤ በ2024 ጄይደን ዳንኤልስን ይዞ ጥሪውን ያወጣ የነበረው ኪንግስበሪ ነው። ከኮሌጅ ራይሊ ከ2022 ጀምሮ ዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ነው፤ ሩጫ ስለሚጨምር ንጹሕ ኤር ሬይድ አይደለም። ሂውፐል ቴነሲ ላይ ሪሲቨሮቹን መስመሩ ጠርዝ ድረስ ያወጣቸዋል። የሊች ምክትል የነበረው ሶኒ ዳይክስ ቲሲዩን (የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን) ይዞ ለ2022 የፍጻሜ ጨዋታ ደርሶ በጆርጂያ 65 ለ 7 ተሸንፏል። ለጀማሪ ቴነሲን እመክራለሁ፤ ግን ፈጣን ናቸው፣ ቡናህን ከመጀመሩ በፊት ቅዳ።