ኢንተርቪው ላይ ራሳችሁን ይዛችሁ ግቡ

ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከቀጣሪው ወገን ተቀምጬ ሠራተኛ ስመርጥ ኖሬያለሁ። የሀገሬ ልጆች ሲገቡ ደጋግሜ የማየው ነገር አንጀቴን ይበላዋል። ሥራውን አሳምሮ የሚችል ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ድምፁ ይጠፋል። ወይም ደግሞ ከዩቲዩብ የሸመደደውን እንግሊዝኛ ያንበለብለዋል፤ ያኔ ፊቴ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል። ሁለቱም ሥራ ያሳጣሉ።

ነገሩ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ያደግነው «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» እየተባልን ነው። ራሱን የሚያወድስ ሰው በእኛ ቤት ክብር የለውም። ሥራህን ሌላው ይመስክርልህ ይባላል። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፤ ጣሉት አልላችሁም። ግን ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ የሚመሰክርላችሁ ሌላ ሰው የለም። ምስክሩ እናንተው ናችሁ። ጥሩ ምስክር አያጋንንም፣ አይደብቅም፤ ያየውንና ያደረገውን በቅደም ተከተል ይናገራል። እንዲህ ካሰባችሁት ትሕትናችሁም አይነካም፣ ሥራችሁም ተደብቆ አይቀርም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሀገር ቤት የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ የነበረች እህት፣ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የዕቃ ክትትል ሥራ አመለከተች እንበል። «ስለ ቀድሞ ሥራሽ ንገሪን» ትባላለች። የተለመደው መልስ ይህን ይመስላል፦ «መጋዘን ውስጥ እንሠራ ነበር። መድኃኒት እንቀበላለን፣ እናወጣለን። ከሠራተኞቹ ጋር ጥሩ ግንኙነት ነበረን። ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ።» ውሸት የለበትም። ግን ጠያቂው ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ነገር አላገኘም።

እሷው ያንኑ ሥራ እንዲህ ብትናገረውስ? «መጋዘኑን ስረከብ አዲስ የመጣው መድኃኒት ፊት ፊት ይደረደር ነበር። የቆየው ከኋላ ይረሳና ጊዜው አልፎ ይወገዳል። መደርደሪያውን በሙሉ በማብቂያ ቀን አስተካከልኩት፤ ቶሎ የሚያልፈው ፊት ሆነ። በየወሩ መጨረሻ ቆጠራውን የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ ጋር አስተያይ ነበር። ልዩነት ሲመጣ የገቢና የወጪ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አይቼ ከየት እንደመጣ አገኘዋለሁ። ሲወገድ የነበረው መድኃኒት እየቀነሰ መጣ።»

እዚህ ውስጥ አንድም ጉራ የለም። «ጎበዝ ነኝ» አላለችም። ግን ማን እንደሆነች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚህ በኋላ ጠያቂው ስለ ቆጠራው፣ ስለ ልዩነቱ፣ ስለ አሠራሩ መጠየቅ ይጀምራል፤ እሷ ደግሞ በደንብ በምታውቀው ሜዳ ላይ ነች። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሞዴል 19፣ ሞዴል 22 ብትሏቸው አይገባቸውም። ዕቃ ገቢ የሚሆንበትና ወጪ የሚሆንበት ደረሰኝ ብላችሁ አስረዱ።

በቡድን የሠራችሁትን በቡድን ተሠራ በሉ። ከዚያ የራሳችሁን ድርሻ ለዩ። «አምስት ነበርን፣ ሒሳብ ማስታረቁ የእኔ ነበር» ማለት ከማንም ላይ ምንም አይቀማም። የእኛ ሰው እዚህ ላይ በጣም ይቆጠባል። ጠያቂው ደግሞ ዝም ካላችሁ ድርሻ አልነበራቸውም ብሎ ነው የሚያልፈው።

ዝግጅቱ ላይ ጊዜ ስጡ። እዚህ ሀገር «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመህን ጊዜ ንገረኝ» የሚል ጥያቄ በብዛት ይመጣል። ስታር የሚሉት አቀራረብ ለዚህ ይጠቅማል፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ ከእናንተ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ውጤት መጣ። እኔ የማየው ችግር ሰው ሁኔታውን ሲተርክ አምስት ደቂቃ ይፈጅና «ከዚያ ተፈታ» ብሎ መጨረሱ ነው። መስማት የምንፈልገው ሦስተኛውን ክፍል ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ የሥራ ሕይወት የተወሰኑ ታሪኮችን ምረጡ፦ ከሰው ጋር ያልተስማማችሁበት፣ ስህተት አግኝታችሁ ያረማችሁበት፣ ጊዜ ያጠረበት። ነጥቦቹን ብቻ ጻፉ። ዓረፍተ ነገር አትሸምድዱ፤ የተሸመደደ ነገር አንዲት ቃል ስትጠፋ ሙሉው ይፈርሳል። ከዚያ ጮክ ብላችሁ፣ በምትጠየቁበት ቋንቋ፣ ለጓደኛ ተናገሩት። በልብ ማሰላሰል ብቻውን አይበቃም፤ አፍ ካልለመደው እዚያ ሲደርስ ይተሳሰራል።

ቻትጂፒቲ ጥያቄ እንዲያወጣላችሁ ብታደርጉ ጥሩ ነው። መልሱን ግን ከእናንተ ሕይወት አምጡት። ሦስት ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት መልስ ይዞ ሲመጣ ወዲያው ያስታውቃል። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባል «ሥራ ስለምወድ እረፍት አልወስድም» የሚለውንም ተዉት፤ ማንም አያምነውም። እውነተኛ የሆነ፣ ግን ለሥራው ዋና ያልሆነ ነገር ጥቀሱ፤ እየተሻሻላችሁ ያላችሁበትንም መንገድ ጨምሩ።

አክሰንታችሁን ለመቀየር አትድከሙ። የምትናገሩት ይሰማ፣ ፍጥነታችሁ ይቀንስ፣ ይበቃል። እዚህ ሀገር አክሰንት ሥራውን በተጨባጭ የሚያደናቅፍ ካልሆነ በቀር ለመከልከል ምክንያት መሆን የለበትም። ጥያቄው ካልገባችሁ ይደገምልኝ በሉ። ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ብትፈልጉ «ላስብበት» ማለት ነውር የለውም። ዓይንን ግን አንሱ። ለእኛ ዓይን መስበር አክብሮት ነው፤ እዚህ ግን የሚደብቅ ወይም የማይተማመን ሰው ያስመስላል። ስትናገሩ ቀና ማለት ማንነት መቀየር አይደለም፤ ሰው በሚገባው መንገድ ማክበር ነው።

ወረቀታችሁን ደግሞ አስቀድማችሁ ፈትሹ። ይህ ብዙ ሰው ጎድቷል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው «ከመስከረም 2006 እስከ ሰኔ 2010» ይላል እንበል። ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር ሬዙሜ ላይ ከገባ፣ ሥራ ከለቀቃችሁ ስምንት ዓመት የጨመረ ይመስላል። ትክክለኛው ከመስከረም 2013 እስከ ሰኔ 2018 ነው። ባክግራውንድ ቼክ ሲደረግ፣ ማለትም ያቀረባችሁት መረጃ ሲጣራ፣ ቀኑ ካልገጠመ፣ ያልዋሸ ሰው የዋሸ ይመስላል። ስምም እንዲሁ ነው። ዲግሪው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይና ሬዙሜው ላይ የአባትና የአያት ስም ቦታ ተለዋውጦ ከሆነ አስቀድማችሁ አስረዱ።

ወርክ ፐርሚት እየጠበቃችሁ ያለ ሥራ የቆያችሁበትን ጊዜም አትሸፋፍኑት። «ሀገር ቀይሬ የሥራ ፈቃድ እየጠበቅኩ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ይህን ተምሬአለሁ» ማለት በቂ ነው። የጉዳያችሁን ዝርዝር የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ፓርኪንግ መሥራታችሁን፣ ኡበር መንዳታችሁን፣ አረጋውያን መንከባከባችሁንም አትፈሩበት። መሐንዲስ ሆኖ ሌሊት ፓርኪንግ የሠራ ሰው፣ ሒሳቡን ሳያጎድል ተረክቦ ያስረከበ፣ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር የተግባባ ሰው ነው። ይህን ተናገሩት።

ሕጉንም በመጠኑ እወቁት። አሜሪካ ውስጥ «የመሥራት ፈቃድ አለህ?» እና «ለቪዛ ስፖንሰር የሚሆንህ ቀጣሪ ያስፈልግሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አጭርና ቀጥተኛ መልስ ስጡ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ ሀገር ሰውን እንዲያበላልጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ስለ ሃይማኖታችሁ ወይም ስለ ልጅ መውለድ ብትጠየቁ፣ «ለሥራው የሚያስፈልገውን ሰዓት መሥራት እችላለሁ» ብላችሁ ወደ ሥራው መልሱት። ስትቀጠሩ የመሥራት ፈቃዳችሁን ለማረጋገጥ በሚሞላው አይ-ናይን ቅጽ ላይም ከተፈቀዱት ሰነዶች የቱን እንደምታቀርቡ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ዓርብ ጁምዓ፣ ወይም ሰንበት ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ። ሥራውን ላለማጣት ብላችሁ «በማንኛውም ሰዓት እመጣለሁ» አትበሉ። በሁለተኛው ሳምንት መቅረት ከጀመራችሁ የሚጎዳው ስማችሁ ነው። ኦፈሩ (እንቅጠርህ የሚለው ደብዳቤ) ሲመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት፣ በትሕትና አንሱት፤ በምን ሰዓት ልታካክሱት እንደምትችሉም ይዛችሁ ቅረቡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪው እንዲህ ያለውን ጥያቄ አልቀበልም ለማለት በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያመጣበት ማሳየት አለበት።

ደመወዝ ላይ ማፈር እናበዛለን። «የሰጣችሁኝን» የሚል መልስ ስሰማ ያመኛል፤ የሚሰጡት ትንሹን ነው። ኮሎራዶ ከ2021፣ ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ የደመወዙ መጠን ከየት እስከ የት እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳሉ። የምትኖሩበት ስቴት ባያስገድድም የእነዚያን ስቴቶች ማስታወቂያ አይታችሁ መገመት ትችላላችሁ፤ የኑሮ ውድነቱን ልዩነት ግን አስቡበት። ቁጥር ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ምክንያት እየደረደራችሁ ራሳችሁ አታውርዱት።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለህ ወይ ሲሏችሁ «የለኝም» አትበሉ። «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከእኔ ምን ትጠብቃላችሁ?» በሉ። መልሱን በጥሞና ስሙት፤ ሥራው ለእናንተ ይሆን አይሆን እንደሆነም ይነግራችኋል። በማግስቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል ላኩ። ከጠያቂው ጋር ካወራችሁት አንድ ነገር ጥቀሱበት፣ ሳትመልሱት የቀረ ጥያቄ ካለም እዚያው በሁለት መስመር መልሱት።