ሜትሩ 30 ዋት ቢልም ሬዲዮው 100 እያወጣ ነው

ጥያቄው የመጣው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖር አንባቢ ነው። የአማተር ሬዲዮ ቴክኒሽያን ፈቃድ (የመጀመሪያው ደረጃ) አለው። 100 ዋት የሚባል ያገለገለ ሬዲዮ ገዝቷል። በ10 ሜትር ባንድ (28 ሜጋኸርዝ አካባቢ) በኤስኤስቢ፣ ድምፅ በሚላክበት አንድ ስልት፣ ሲያወራ የኃይል መለኪያው ሜትር 30 ዋት አካባቢ ይቆማል፤ ማይኩ ላይ ሲያፏጭ ግን 100 ይጠጋል። «ባለ ቱቦ የ600 ዋት አምፕሊፋየር (ኃይል ማጉያ) በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው? ከሕግስ አያጣላኝም?»

ወንድሜ፣ ያቺ ፉጨት ነገሩን ጨርሳዋለች። ሬዲዮህ ደህና ነው፤ ጉድ የሠራህ ሜትሩ ነው።

በኤስኤስቢ ዝም ካልክ ኃይል አይወጣም። «ሰላም» ስትል «ላ» ላይ ሽቅብ ይዘላል፣ «ም» ላይ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ስትወስድ ዜሮ ይገባል። ፉጨት ስለማይዋዥቅ የሜትሩ መርፌ ትደርስበታለች። ወሬ ላይ ግን አትደርስም፤ አማካዩ አካባቢ ትንከራተታለች። ኤፍሲሲ፣ የአሜሪካ የሬዲዮ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ አማካዩን አይቆጥርም። የሚቆጥረው ድምፅህ ጫፍ ሲነካ ወደ አንቴናው ኬብል የሚገባውን ዋት ነው። ፒኢፒ የሚሉት እሱን ነው። ማረጋገጥ ካማረህ በአንቴናው ቦታ ባለ 50 ኦም ዳሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር የሐሰት አንቴና) ግጠምና ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጁን ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) አድርግበት፣ ቮልቴጁን በሚችል ፕሮብ። እያወራህ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 200 ቮልት ካየህ፣ ያው 100 ዋት ነው።

ርካሽ ሜትር ላይ «ፒኢፒ» የሚል ቁልፍ ስላለ አትሸወድ። ባትሪም ሆነ 12 ቮልት የማይጠይቅ ከሆነ ውስጡ ብዙውን ጊዜ አንዲት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታቆይ ዕቃ) ብቻ ናት፤ እውነተኛውን ጫፍ አታሳይህም።

የምፈራው የቀድሞውን ባለቤት ነው። እንዳንተው መርፌዋን ሊያስወጣ ብሎ ኤኤልሲውን፣ ሬዲዮው ከልክ በላይ እንዳያወጣ የሚገታውን ክፍል፣ ነካክቶት ይሆናል። የማስተካከያዋ ብሎን ላይ ቀለሙ ከተጫረ ጠርጥር። እንዲህ የተነካ ሬዲዮ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁሉ ይረጫል። ማይክ ጌይኑንም (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ዝቅ አድርገው።

አምፕሊፋየሩን ተወው። ቴክኒሽያን በ10 ሜትር ከ28.0 እስከ 28.5 ሜጋኸርዝ ድረስ ጣሪያው 200 ዋት ፒኢፒ ነው። ጄኔራል፣ ቀጣዩን የፈቃድ ደረጃ፣ ስታወጣ እዚያው ባንድ ላይ 1500 ይፈቀድልሃል። 30 ሜትር ባንድ ላይ ግን ማንም ይሁን ማን ከ200 አያልፍም። ደግሞ ሕጉ ለግንኙነቱ ከሚበቃው በላይ አታውጣ ይላል። ከ100 ወደ 200 መውጣት ለሰሚው ግማሽ ኤስ (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ እርከን) ብቻ ነው፤ ገንዘብህን ለአንቴና አውለው።

ካልሆነልኝ ብለህ አምፕሊፋየሩን ከገዛኸው ክዳኑን እንዳትከፍት! ቱቦው የሚሠራው በሺህ በሚቆጠር ቮልት ነው፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ማፍሰሻው ሬዚስተር ተቃጥሎ ከሆነ እስከ ነገም ይዞ ይቆይሃል። መክፈት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ንቀል፣ ጠብቅ፣ ቮልቴጁን ለካ። እንደገና ልበልህ፦ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ሶኬቱን ንቀል።